በትከሻ የዞረ ጣራ

ባለፈው ሰኔ ወረታ ላይ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ መኪና ስጠብቅ የእናቴ ቤት ሸተተኝ። ዝናብ ያገኘው የገለባ ክምር አጠገቤ ነበር። ገለባ ሲረጥብ መጀመሪያ እንደ ከብት ትንፋሽ ይሸታል፤ ቆይቶ ጭስ ጭስ ይላል። በልጅነቴ ሩዝ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ያኔ ፎገራ የጤፍ፣ የጓያና የከብት አገር ነበር። ሽታው ግን ያው የረጠበ ሳር ክዳን ሽታ ነው።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበው መናኸሪያው በረንዳ ላይ ለሚያድሩት ሰዎች ብርድ ልብስ አደሉ። ደግ አደረጉ። አንዱን ልጅ ይዤ፣ "የት ተኝተው ነው የሚለብሱት?" ብየ ጠየቅሁት።

"አባባ፣ እሱን የሚመለከተው ያስብበት" አለኝና ሄደ።

አልተቆጣሁም። ይህንን መልስ እሱ ሳይወለድ፣ ከአያቶቹ አፍ ሰምቸዋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሚስት አግብቸ ልጅ ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ያሳመርሁት ነገር የለም።

አባቴ የሞተው በጥቅምት ነው፤ ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ንዳድ በሚመጣበት ወር። እናቴ ጠጂቱ ሁለተኛ ሚስቱ ነበረች፤ የደመወዝ ሚስት። በዓመት ይህን ያህል እህል፣ ይህን ያህል ልብስ ተብላ በውል የገባች ማለት ነው። የአባቴ አርባ ሳይወጣ የመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች መጡ። ትልቁ ዳኘው መልኩ የአባቴ ቁርጥ ነው፤ ሲቆጣ አፍንጫውን እንኳ እንደሱ ነው የሚነፋ። ደጃፋችን ላይ ቆመና፣

"ጠጂቱ፣ አንቺ የደመወዝ ነሽ። ደመወዝ ከፋዩ ሞቷል" አላት።

"ልጁስ?" አለች እናቴ።

"ልጁማ የናቱ ነው።"

እኔ ደግሞ ነገሩ እውነት ስለሆነ፣ "አዎ፣ የናቴ ነኝ!" አልሁ። ዳኘው ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ ጆሮየን ይዛ እስኪቀላ ቆነጠጠችኝ። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት የተኛንበትን ቁርበት እንኳ ዳኘው "የአባቴ ነው" ብሎ ሲነጥቃት ነው። ከዚያ ቤት ይዘን የወጣነው አንድ እንስራ ብቻ ነበር፤ እሱም እናቴ ስታገባ ከይፋግ ገበያ ገዝታ ይዛው የመጣችው ነው።

ሽማግሌዎቹ ዋርካው ስር ተሰበሰቡ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ዓለሙ መሀል ተቀመጡ። ጭቃ ሹም ማለት ግብሩንም፣ ጠቡንም፣ እርቁንም የሚይዝ የመንደር ሹም ነው። እሳቸውም፣ "ውርሱ ቀስ ብሎ ይታያል። ሴትዮዋና ልጁ ግን ሜዳ አያድሩም፤ የጅብ መሳቂያ አንሆንም። ከእሑድ እስከ እሑድ በተራ እናሳድራቸው" አሉ። ሁሉም "ደግ ብለዋል" አለ። የዚያ መንደር ሰው እስከ ዛሬ ደግነቱን ሲያወራ ከዚህ ነው የሚጀምር። ይጀምር። ውሸት አይደለም።

እንግዲህ በመንደራችን የሚካኤል ማኅበር ነበር። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የተረካቢው ቤት ሴቶች ደጅ ወጥተው በእልልታ ይቀበሉታል። እኔ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እንስራዋን አዝላ፣ እጀን ይዛ ከቤት ቤት ስትሄድ፣ እኛም እንደ ጽዋው በክብር የምንዞር መሰለኝ። የመጀመሪያው ቤት ስንገባ እልል የሚል ጠፋ። ረስተው ነው አልሁ። ሁለተኛውም ቤት ረሱ። ወደ ሦስተኛው ስንሄድ መንገድ ላይ፣

"እማየ፣ እልል የማይሉት ለምንድን ነው?" አልኋት።

"ለማን?"

"ለኛ።"

ቆመች። አየችኝ። "ዝም ብለህ ሂድ" አለችኝ።

ከነዚያ ቤቶች ውስጥ አንዱ በጥጆቹ ትዝ ይለኛል። ጥጆቹ ከኛ ጋር በአንድ ጥግ ይተኙ ነበር፤ አንዷ ጠጉሬን እየላሰች ሌሊቱን ስታሞቀኝ ታድራለች። ሌላ ቤት ደግሞ በሴትዮዋ ትዝ ይለኛል። ማታ ማታ እራት ሲቀርብ ጎረቤት እስኪሰማ፣ "ለእግዜር እንግዳ አስቀድሙ!" ትላለች። እኛ እንበላለን፤ ልጆቿ አፍ አፋችንን እያዩ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው እያየኝ መብላት አልወድም። አያ ጌጡ የሚባሉ ድሀ ሰው ቤት ስንደርስ የተቆላ ሽምብራ ብቻ ሰጡን፤ መደባቸውን ለኛ ለቀው እሳቸው ጓያ ጥበቃ ማሳ ላይ አደሩ። እናቴን ሥራ ያላዘዙ እሳቸው ብቻ ናቸው። በሌላው ቤት ሁሉ እንግዳ ናት ይባላል፤ ወፍጮው ግን እንግዳ አያውቅም። ገና ሳይነጋ የድንጋዩን ድምፅ ስሰማ እናቴ የት እንዳለች አውቃለሁ። የማን ቤት እንደሆነ ግን ቆይቸ ነው የማስታውሰው።

ጥር ገባ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ሽማግሌዎቹን ጠበቀቻቸው። እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦

"ጌቶች፣ ማዕዳችሁን እግዜር ይስጥልኝ። አልጠገብሁም ብየ አይደለም። ልጀ 'ቤታችን' ሲል የማንን ቤት እንደሚል ግራ ገባኝ። ጥግ ስጡኝ። ሰው ደጀ ላይ ቆሞ 'ቤቶች' ይበለኝ፤ እኔም ከውስጥ 'ደጆች' ልበል። ሌላ አልጠይቃችሁም።"

ይህንን ሰላምታ አገሬው ያውቀዋል። ሰው ቤት ሳይገቡ ከደጅ "ቤቶች" ይባላል፤ ባለቤቱ ከውስጥ "ደጆች" ብሎ ያስገባል። የሰው ጥግ የተቀመጠ ሰው ግን "ቤቶች" ሲባል አፉን አይከፍትም፤ የሚመልሰው ባለቤቱ ነው። እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ አፏን አልከፈተችም።

አያ ዓለሙ በዚያ ዓመት የቆርቆሮ ቤት ሠርተው ነበር፤ በመንደሩ የመጀመሪያው። ቆርቆሮው በጭነት መኪና ከጎንደር እስከ አውራ ጎዳናው መጣ፤ ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ። እኛ ልጆች በአጥር ስር ተደብቀን ሽምብራ እየወረወርን ድምፁን እንሰማ ነበር። አሮጌው ቤታቸው ጎን ለጎን ቆሞ ቀርቷል። እሳቸውም እናቴን ሰሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"የአሮጌው ቤቴ ጣራ የጠጂቱ ይሁን! ደቦ ጠርተን፣ ተሸክመን እናስቀምጥላታለን!" አሉ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ በመጨረሻ ታወሳቸው ብየ ደስ አለኝ። እልልታው ለአያ ዓለሙ እንደነበር ማንም አልነገረኝም።

"ቦታውስ?" አለች እናቴ።

"ቦታ!" አሉ እየሳቁ። "እንዲህ ባለ ሜዳ ቦታ ይጠፋል?"

"አይጠፋም" አለ አንዱ። "ኧረ ምን ሲደረግ" አለ ሌላው። እያንዳንዱ ይህን ሲል የጎረቤቱን መሬት ያይ ነበር።

በዓል ያልሆነ ቀን ተፈለገና ደቦው ተጠራ። ሴቶች ጠላ ጠመቁ። ወንዶቹ ጣራውን ከግድግዳው ፈቱት፤ ረጃጅም አጠና ከስሩ አሳልፈው ዙሪያውን ገቡ። "ያዝ! በል! ሆ!" ሲባል ጣራው ተንቋቋና ብድግ አለ። የስንት ዘመን ጥላሸት ዘነበብን፤ አይጦች ከሳሩ እየዘለሉ በሰው እግር መሀል ተበተኑ። እኔ ከመሀሉ ገባሁ። ማንም አላባረረኝም። ጣራው ሲሄድ አብሬ ከስሩ እሄዳለሁ፤ ጥላው አብሮኝ ይሄዳል፤ የሚታየኝ ዙሪያውን እግር ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ በአቧራ የነጣ የሰው እግር። ቤት በእግሩ ሲሄድ አየሁ ብየ ለማን እንደምነግር ሳስብ ነበር።

በኛ አገር የተነሳ ጣራ አንድ ሕግ አለው። ጣራው መሬት ከነካ፣ የነካበት ቦታ ቤቱ ነው። መልሶ የሚያነሳው ሰው፣ ዓመት ሳይሞላ ከራሱ ቤት ሬሳ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ማንም መልሶ አያነሳውም። መሬቱ ላይ የወረደበት ሰው በገዛ ማሳው ጎጆ በቀለበት ማለት ነው።

ይህንን ሁሉም ያውቃል። ጣራውን ካነሱ በኋላ ነው ያሰቡት።

ከአያ ዓለሙ ማሳ ጫፍ ስንደርስ ከፊት ያለው ተሸካሚ፣ "እዚህ ነው?" አለ።

"ኧረ ሽምብራ አለብኝ!" አሉ አያ ዓለሙ ዱላቸውን እያወዛወዙ። "ወደፊት በሉ፣ ወደፊት!"

ሁለተኛው ማሳ ላይ ባለቤቱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። "ይኸ እንኳ ክርክር ያለበት መሬት ነው" አለና እርምጃውን አፈጠነ፤ ሌሎቹም ተጎትተው ተከተሉት። ከዚያ ቄሱ ከመንገድ ዳር ቆመው፣ "ልጆቼ፣ ይህ የታቦት መሬት ነው። ሴት ብቻዋን ጎጆ አትቀልስበትም" አሉ። መስቀላቸውን ግን ሰጡን፤ ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ማዞር ስላልቻሉ ጣራውን አሳለሙት። ከአባቴ መሬት ጥግ ዳኘው ገጀራ ይዞ ቆሟል።

"እዚህ አንድ ሳር ብትነኩ!" አለ።

"ዳኘው፣ እኛ ተሸካሚዎች ነን፤ ምን አደረግንህ?" አለው አንዱ።

"መሸከሙን ተሸከሙ። ማውረዱን ነው ያልሁ።"

ፀሐይ ከረረ። ከጣራው ስር ላብና አሮጌ ጭስ ሸተተ። ወሬው ከሳቅ ጀመረ።

"ጎበዝ፣ በዚህ ዓይነት ጎንደር ልንገባ ነው።"

"ወስደን ጣና ላይ እንጣለው፤ ታንኳ ይሁናት።"

"አያ ዓለሙ ከላይ ተቀምጠዋል እንዴ? ምነው ከበደ?"

ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ከፊቴ ያሉት እግሮች የአያ ጌጡ ነበሩ፤ ሽምብራ የሰጡን። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። "ጠጂቱ፣ ልጀ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ትከሻየ አለቀ።" እናቴ ከጎን በኩል እንስራዋን አዝላ አብራ ትሄድ ነበር።

ከሜዳው ጫፍ አንድ ድንጋያማ ጉብታ አለ። አይታረስም፤ ሣሩም ለከብት አይሆን። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚኖሩት እዚያ ላይ ነበር። ሌላ ቦታ የሰጣቸው ስለሌለ ነው። ደቦ ሲጠራ እነሱ አይጠሩም፤ ገበያ ላይ ገንቧቸው ይገዛል፤ ጽዋ ግን ከነሱ ጋር አይጠጣም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔ ገንቦ ሲያቃጥሉ የሚወጣውን ጭስ ባየሁ ቁጥር ልጅ እየጠበሱ ይመስለኝ ነበር።

ከጉብታው ላይ አንዲት ሴት ቆማ ታየን ነበር፤ እስከ ክርኗ ጭቃ። ዝማም ትባላለች።

"እናንተ ሰዎች!" አለች። "ቤቱን አገር እያስጎበኛችሁት ነው?"

ተሸካሚዎቹ አጠናውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ቦታ ከሆነ እዚህ አለ። ድንጋይ ነው፤ ማንም አይከራከርበት።"

አያ ዓለሙ እየሮጡ መጡ። "አይሆንም! ጠጂቱ፣ አትስሚያት። ከነሱ መሀል ከገባሽ ነገ ማን ካንቺ ቤት እሳት ይጭራል? ለዚህስ ልጅ ማን ልጁን ይድርለታል?"

"ጭቃ ሹም፣ የልጁን ሠርግ ሌላ ቀን ያስቡበት!" አለ ከስር አንድ ድምፅ። "እኛ እየሞትን ነው!"

እኔ ከጣራው ስር ሆኘ፣ "እማየ፣ ይበሉናል!" ብየ ጮህሁ።

እናቴ ሰማችኝ። የአያ ጌጡን ጉልበት አየች። ከኋላዋ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል፤ ሁሉም የሰው ነው። ጉብታው ላይ ወጣች፤ እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች፤ ድንጋዩ መሀል አስቀመጠች። እንስራው ከጥቅምት ወዲህ እሷ በመረጠችው ቦታ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

"እዚህ" አለች። "አውርዱት።"

"አስበሽ ነው?" አሉ አያ ዓለሙ።

"ጌታየ፣ እኛ ስናስብ ጣራው ሊወድቅ ነው።"

አወረዱት። እንደዚያን ቀን ተደስቶ ሥራ የጨረሰ ሰው አይቸ አላውቅም። እኔን ግን ረሱኝ። ጣራው እንቅብ ጫጩት ላይ እንደሚደፋ ተደፋብኝ፤ ጨለመ። በሳሩ ቀዳዳ የፀሐይ ጭረት ገባ። እሪ አልሁ። ከጠርዙ ስር አንድ እጅ ገብቶ እግሬን ያዘና ጎትቶ አወጣኝ። እጁ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ስል ዝማም ናት።

ለደቦው የተጠመቀው ጠላ ተሸክመው ሊያመጡት ነበር፤ ቀረ። ሸክላ ሠሪዎቹ ደጅ የሚጠጣ ጠፋ። ወንዶቹ ተመልሰው አያ ዓለሙ ግቢ ጠጡ። ዘፈናቸው እስከኛ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የአያ ዓለሙን ደግነት ነው የሚያወድሱት። በሚቀጥለው እሑድ ተረኛው ቤት ማዕድ አልላከም። ቤት አገኘች ተባለ፤ ተራውም ተቋረጠ።

ጾሙን ሙሉ መሬት በተቀመጠ ጣራ ስር ኖርን፤ እየዳህን ነበር የምንገባው። ዝማምና ባሏ ባላ እየቆረጡ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነሱ አቆሙልን። የመንደሩ ሰው ግን ይኸ መልሶ ማንሳት ነው፤ ሞት ያመጣል አለ። ዝማም ይህን ስትሰማ፣ "እኛ ቡዳዎች ነን፤ ሞት ይፈራናል" አለችና ሳቀች። ግድግዳውን በሸክላ ጭቃ መረገችው፤ ከዚያ ገንቦ በሚያለሰልሱበት የወንዝ ድንጋይ አሸችው። ግድግዳችን እንደ አዲስ ገንቦ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ እሷ ስትሠራ እግሯን ነበር የማይ፤ ቡዳ ወደ ጅብነት ሲለወጥ የሚጀምረው ከእግር ነው ስላሉኝ። የተሰነጠቀ፣ ጭቃ የበላው፣ እንደ እናቴ ያለ እግር ነበር። ጠብቄ ጠብቄ ተውሁት።

በሩ የተሰቀለ ቀን ዝማም፣ ቤቷ ከኛ ቤት ምራቅ ቢተፉ የሚደርስ ሆኖ ሳለ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ደጅ ቆመች።

"ቤቶች!"

እኔ እናቴን ቀና ብየ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

"ቤቶች! የሉም እንዴ?"

"ደጆች" አለች እናቴ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

ከሌላው የመንደሩ ሰው ግን የመጣ የለም። እሳት የሚጭር፣ ጨው የሚበደር፣ መንገድ የሚጠይቅ እንኳ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ለእናቴ ሰፋ ያለ ቦታ ይለቁላት ነበር። እኔ ለክብር መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ርብ ወንዝ ደፈረሰና ከአፉ ወጣ። ውሃ ለፎገራ ሰው ብርቅ አይደለም፤ በየክረምቱ እስከ በረቱ ይመጣል፤ ያድርና ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን ቤት ገባ፤ መደብ ላይ ወጣ። ጧት በራችንን ስንከፍት ሜዳው የለም። ቡናማ ውሃ ብቻ፣ መሀሉ ላይ የአያ ዓለሙ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ቆርቆሮ የሚከለክለው ከላይ የመጣውን ነው።

ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እስከ ወገብ እየጠለቁ መጡ። ደረቅ ቦታ ያለው አንድ ብቻ ነው። ጉብታው ጥግ ደርሰው ቆሙ። ዝናቡ ይወርዳል። ዝማም ከደጇ ሆና ታያቸዋለች፤ "ግቡ"ም አላለች፣ "ሂዱ"ም አላለች።

አያ ዓለሙ ቀድመው ወጡ። ጋቢያቸው ረጥቦ እግራቸው ላይ ተጣብቋል። ጣራውን ቀና ብለው አዩ፤ ያወቁት መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በቀጥታ ሊገቡ ሲሉ እናቴ ክንዷን በሩ ላይ አጋደመች።

"ጌታየ" አለች፤ ቀስ ብላ ነው። "ሰው ቤት ሲገባ ምን ይባላል?"

አያ ዓለሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሃ ከጺማቸው ይንጠባጠባል። ከኋላቸው ልጅ ያለቅሳል። ወደ ዝማም አዩ፤ ወደ ውሃው አዩ።

"ቤቶች" አሉ።

"ደጆች" አለች እናቴ፤ ክንዷን አነሳች። "ይግቡ፤ ጣራው እንኳ የእርስዎ ነው።"

ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። የእግዜር እንግዳ የምትለዋ ሴትዮ፣ ቄሱ፣ አያ ጌጡ፤ ሁሉም ደጅ እየቆመ "ቤቶች" አለ። እናቴም ለሁሉም መለሰች። ቤቱ ሲሞላ የቀሩትን ዝማም ወሰደቻቸው፤ እሷም ደጅ አስቆማ አስባለቻቸው።

ዳኘው ከሁሉም ኋላ ነበር፤ ያንን የነጠቀንን ቁርበት ራሱ ላይ ደፍቶ። እሱ ሁለት ጊዜ "ቤቶች" አለ። እናቴ የመጀመሪያውን አልሰማሁም አለችው።